ጉድጓዱን የሚቆፍረው ውሃ ነው

(የመንገድ ጉዳይ ኮሚቴያችን በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)

ከዋናው አስፋልት እስከዚህ አዳራሽ ያለውን መንገድ እንዴት አድርጋችሁ እንደወጣችሁት እናውቃለን። ከእንግዶቻችን መካከል መኪናቸውን ከታች አቁመው በእግር የመጡ አሉ፤ ለእነሱ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገንም።

አምስታችንን የመረጣችሁን የመንገዱን ጉዳይ ተከታትለን በአንድ ጥያቄ ላይ ሐሳብ እንድናቀርብ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከክረምቱ በፊት መንገዱን ለመጠገን የሰፈሩ ነዋሪ ገንዘብ እንዲያዋጣ ተጠይቋል። ማኅበራችንም ከማኅበራዊ ፈንዱ ድርሻውን እንዲያወጣ ተጠይቋል። ከአጋሮቻችን አንዱ ወገን ደግሞ የገረጋንቲውን ግማሽ ዋጋ እንችላለን ብሏል። እንክፈል ወይስ አንክፈል? የኮሚቴያችን መልስ «ለገረጋንቲ አንክፈል፣ ለቦዩ ግን እንክፈል» የሚል ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልን እናስረዳችኋለን፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

መንገዱ ከእኛ ምን እንደሚወስድ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው የብድር መዝገባችን ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ክፍያ የሚዘገይባቸውን ስሞች ብታዩ እንጀራ ለሱቅና ለምግብ ቤት የሚያስረክቡ፣ እንቁላል የሚያከፋፍሉ፣ ጉልት የሚቸረችሩ አባሎቻችን ናቸው። ልብስ የሚሰፉትና ገዢያቸው ቤት ድረስ የሚመጣላቸው ግን እንደ በጋው ይከፍላሉ። ልዩነቱ የትጋት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ንብረታቸው በየቀኑ መንገድ ላይ ይውላል። እንቁላል አንድ ትሪ 30 ፍሬ ነው፤ ባጃጅ ላይ ጭናችሁ ያን ዳገት ስትወርዱ ጥቂቱ ከተሰነጠቀ የትሪው ትርፍ እዚያው ፈሰሰ። እንጀራ አይሰነጠቅም፤ ነገር ግን የሚያልፍ መኪና ከጉድጓዱ የረጨው ጭቃ አንዴ ካረፈበት ማን ይገዛዋል? የባጃጅ ሾፌሮቹም ክረምት ሲገባ «እስከ ወፍጮ ቤቱ ብቻ» ይላሉ፤ እስከ ላይ የሚወጣው ዋጋውን እጥፍ ያደርጋል። በእነሱ አንፈርድም። ጎማና ሞላ የሚገዙት ከኪሳቸው ነው።

ገንዘብ ያልሆነውም አለ። ምጥ የያዛት እህታችን በሌሊት አምቡላንስ ተጠርቶላት፣ መኪናው ከታች ቆሞ፣ እሷን በወንበር ተሸክመን በጭቃ ያወረድናት በዚሁ መንገድ ነው። እናትና ልጅ ደኅና ናቸው፣ ፈጣሪ ይመስገን። በዚያ ሌሊት አንዳችን ብንንሸራተት ኖሮ ምን እንል እንደነበረ ግን አታስረሱን።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ የሚገባን ከጉድጓዱ አፈጣጠር ስንነሳ ነው። አስፋልት ስናይ ጠንካራው ነገር ላይኛው ጥቁር ንጣፍ ይመስለናል። እሱ ግን ከበታቹ ላለው እንደ ቤት ጣሪያ ነው። ሸክሙን የሚችለው ከሥር በሚገባ የተጠቀጠቀው የጠጠርና የአፈር ንብርብር ነው። ፀሐይና ጎማ ንጣፉን ሲሰነጥቁት ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። የገባው ውሃ መውጫ ካጣ ሥሩን ያላቁጠዋል። ከዚያ በኋላ መኪና ባለፈ ቁጥር ጎማው ውሃውን ይጨምቀዋል፤ ውሃው ሲወጣ ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። ከንጣፉ ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ አንድ ቀን ንጣፉ ይሰምጣል። በጠጠር መንገድም ነገሩ ያው ነው። መካከሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ ዝቅ ካለ፣ በዳርና ዳሩም ቦይ ካለው፣ ውሃው ይሸሻል። ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው እዚያው ይተኛል፤ የተኛበት ቦታ ይቦረቦራል። ጎማ ጉድጓዱን ያሰፋዋል እንጂ የሚጀምረው ውሃ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በቦሌ በኩል፣ ሰፊው መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ አንዳንዶቻችን ዋልካ የምንለው። የእኛም ሰፈር እንደዚያው ነው። ከገጠር የመጣን ሁላችን ጠባዩን እናውቃለን። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ያብጣል፣ ከጫማ ጋር ተጣብቆ ቤት ይገባል። ጤፍና ሽምብራ ይወዱታል፣ መንገድ አይወደውም። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ውሃን ከመንገድ ማራቅ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስለ ከባድ መኪኖችም አንድ ነገር እንበል፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ጥፋቱ ሁሉ የገልባጮቹ ነው ትላላችሁና። አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱት መኪኖች ጉዳት ማድረሳቸው እውነት ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ትልቅ የመንገድ ሙከራ፣ በአንድ የጎማ ዘንግ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚደርስ ታይቷል። ስለዚህ አንድ ከመጠን በላይ የጫነ ገልባጭ የሚያደርሰውን ጉዳት ብዙ ባጃጅ ተሰብስቦ አያደርሰውም። የጭነት ልክና የመግቢያ ሰዓት እንዲወሰን መጠየቃችን ተገቢ ነው፤ በደብዳቤያችን ውስጥ አስገብተነዋል። ሥሩ ደረቅ የሆነ መንገድ ግን ያንኑ ገልባጭ ብዙ ዓመት ይችለዋል፣ ሥሩ የራሰ አንድ ክረምት አይችለውም።

አሁን ወደ ባለፈው ሰኔ ጥገና እንምጣ። ሁላችሁም አይታችኋል። መኪናው መጣ፣ ገረጋንቲውን በየጉድጓዱ አፍ ገለበጠ፣ ሠራተኞቹ በአካፋ በተኑት፣ መኪናው ራሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጣ ወረደበት፣ ሥራው አለቀ ተባለ። ሮለር አልመጣም። ጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃ ነበረ፤ ውሃው ሳይቀዳ ገረጋንቲ ተደፋበት። ቦዩን ማንም አላየውም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያ ሁሉ ገረጋንቲ የት ሄደ? ከእኛ ሁለታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀምሮ እስከ ታች ድረስ በእግራችን ሄደን አይተናል። ቦዩ ውስጥ ነው። ጎርፉ ከመንገዱ ጠርጎ ቦዩ ውስጥ አስቀመጠው። ቦዩ ሲሞላ ውሃው መሄጃ አጣ፣ ተመልሶ መንገዱ ላይ ወጣ፤ ነሐሴ ላይ ከበፊቱ የባሱ ጉድጓዶች አገኘን። ገረጋንቲው ጉድጓዱን ሊደፍን መጥቶ የደፈነው ቦዩን ነው። ዘንድሮ እንድናዋጣ የተጠየቅነው ለዚሁ ሥራ ነው፤ በጽሑፍ ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ ነገር እንዲሰጠን ስንጠይቅ የተነገረን «ሁለት ቢያጆ ገረጋንቲ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ለምን ሁልጊዜ ሰኔ ላይ እንደሚመጡም አስበንበታል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ያልተሠራበት ገንዘብ ሰኔ ሲያልቅ ከእጅ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥድፊያው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፣ ዝናቡም የሚጀምረው ያኔ ነው። አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታባቸው ሁለቱ ወራት። መንገድ በደንብ የሚጠገንባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ደረቅ ወራት በወረቀት፣ በጨረታና በስብሰባ ያልፋሉ። ይህ የአንድ ሰው ክፋት አይመስለንም፤ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች አልተገናኙም። የሚያገናኛቸው ደግሞ በጥቅምት ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሰኔ ላይ ሄዶ መጮህ ሰኔኛ ጥገና ያመጣል። ለዚህ ነው ኮሚቴው እስከሚቀጥለው ጥር እንዲቆይ የምንጠይቃችሁ።

ትክክለኛ ጥገና ምን እንደሚመስል ማወቅ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ቆመን የምናየው እኛ ነንና። የአስፋልት ጉድጓድ ሲጠገን ዙሪያው ጤነኛ ንጣፍ እስከሚገኝ ድረስ በቀጥታ መስመር ይቆረጣል፤ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል። የላላውና የራሰው ሁሉ ተጠርጎ ይወጣል። ውሃ ካለ ይቀዳል፣ ይደርቃል። ከታች በጠጠር ይሞላል፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በስስ በስሱ እየተደረበ፣ እያንዳንዱ ድርብ እየተጠቀጠቀ። ግድግዳውና ወለሉ ቀጭን ሬንጅ ይቀባል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር የሚያያዘው በዚያ ነው። ከዚያ አስፋልቱ ይገባል፣ ይጠቀጠቃል፣ ጠርዙ ይታሸጋል። ሙቅ አስፋልት በአካፋ ተወርውሮ በጫማ ሲረገጥ ካያችሁ ክረምቱን አይሻገርም። የኮብልስቶኑ ክፍል ደግሞ የተሻለ ዕድል አለው። ድንጋዩ አይጠፋም፤ የውሃ መስመር ለመዘርጋት ሲቆፈር ተነሥቶ በሥርዓት ከተደረደረ፣ ሥሩ ተጠቅጥቆ አሸዋ ከተነጠፈለት በኋላ መልሶ ይገባል። ከአባሎቻችን መካከል ድንጋይ ጠርበው፣ አንጥፈው ልጅ ያሳደጉ አሉ። ተቆፍሮ በአፈር ብቻ ተመልሶ የተተወውን ያን ሰማንያ እርምጃ ያህል ቦታ እነሱ ቢጠየቁ በጥቂት ቀን እንደሚጨርሱት ነግረውናል። እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም።

«የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛ ለምን አንድ ብር እናወጣለን?» የሚሉ እህቶች አሉ። ነጥባቸው ከባድ ነው። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 ሲቋቋም መንገድ መጠገኛ ገንዘብ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነው። ባጃጅ በተሳፈርን ቁጥር፣ ጤፋችን በመኪና በተጫነ ቁጥር፣ ከከፈልነው ጥቂቷ ወደ መንገድ ጥገና እንድትሄድ ማለት ነው። አዋጪዎች ነን፤ እንደ ለማኝ መቅረብ የለብንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች ጥቅማቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ዝግጅትና አፈጻጸም ላይ ሐሳባቸውን በተሟላ ሁኔታ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን መንገድ ከማንም በላይ በእግሩ የሚሄድበት፣ ልጅ አዝሎ፣ ጄሪካን ይዞ፣ መሶብ ተሸክሞ የሚወርደው ሴት ነው። እስካሁን የት ቦታ ይጠገን ተብለን የተጠየቅንበት ቀን የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ለቦዩ እንክፈል የምንለው ለምንድን ነው? ክረምቱ እስከ መብታችን አይጠብቅም። ቦዩን ማጽዳት ደግሞ ሮለር አይፈልግም፣ ጨረታ አይፈልግም፤ ዶማ፣ አካፋ፣ የሚጭን ጋሪና ጥቂት የቀን ሠራተኛ ይበቃዋል። ለሁለት ቢያጆ ገረጋንቲ ከሚወጣው ገንዘብ ያነሰ እንደሚፈጅ የሚሠሩትን ጠይቀን አስልተናል፤ ዝርዝሩ በሒሳብ ሹሟ እጅ ስላለ ማንም አባል ማየት ትችላለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በዓለም ደረጃም የተቆጠረ ነገር ነው፤ የዓለም ባንክ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓለም ልማት ሪፖርት፣ በአፍሪካ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በጊዜው ለጥገና 12 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ መንገዶችን እንደ አዲስ ለመሥራት የሚፈለገውን 45 ቢሊዮን ዶላር ያድን እንደነበር ጽፏል። የእኛ ቦይ የዚያ ሒሳብ ትንሿ ልጅ ናት።

ቦዩን ስናጸዳ ሁለት ነገር ይገጥመናል፤ ከወዲሁ እንወቃቸው። የመጀመሪያው መውጫው ነው። ቦይ መጨረሻው ወንዝ ካልደረሰ ውሃውን ከእኛ በር አንሥተን ወደ ታች ሰፈር እህቶቻችን ግቢ መላክ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ከታች፣ ከወንዙ በኩል ይጀምር፤ የታችኛው ሰፈር ቡድኖችም ከመጀመሪያው ቀን አብረውን ይሁኑ። ሁለተኛው መኪና ወደ ግቢ ለማስገባት ሲባል ቦዩ በድንጋይና በአፈር የተደፈነባቸው በሮች ናቸው። ስም አንጠራም፣ ሁላችንም በሮቹን እናውቃቸዋለን። ሥሩ ሰፊ ቱቦ ከተቀበረ መኪናውም ይገባል፣ ውሃውም ያልፋል። በክስ ሳይሆን በሽማግሌ እንጀምር፤ የእድራችን ዳኛ አብረውን እንደሚሄዱ ቃል ሰጥተዋል። ፌስታልና ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ሽማግሌ አይሰማም፤ ቦዩ ከጸዳ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ በየሁለት ሳምንቱ አንዴ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡድኖች በተራ እንድንጠርገው እናቀርባለን።

«ገረጋንቲውም ቢሆን ለአንድ ወር ያሻግረናል» የምትሉም አላችሁ። በተለይ የላይኛው ሰፈር ነዋሪዎች እንዲህ ማለታችሁ አይገርመንም፤ ሰኔ ላይ ደረቅ መርገጫ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። የምንለው ገረጋንቲ በጭራሽ አይምጣ አይደለም። ቦዩ ከተከፈተ በኋላ፣ ውሃው ከተቀዳ በኋላ፣ ሮለር ይዞ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ገንዘቡን ወረዳው ከበጀቱ ያውጣ። በባለፈው ሰኔ ሥራም ገና ያላለቀ ጥያቄ አለን። በግንባታ ውሎች ተቋራጩ ካስረከበ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የታየውን ጉድለት በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል የሚያስገድድ አንቀጽ መኖሩ የተለመደ ነው። በእኛ መንገድ ውል ውስጥ ይህ አንቀጽ አለ ወይ? ካለስ ጊዜው አልፏል ወይ? በደብዳቤያችን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ «አለ» ከሆነ ማንም ማዋጣት ላያስፈልገው ይችላል።

ለአጋሮቻችን ደግሞ በቅንነት የምንነግራችሁ ነገር አለ። ገረጋንቲ እንግዛላችሁ ያላችሁት ከመልካም ልብ ነው፣ እናመሰግናለን። የተገለበጠ ገረጋንቲ ለሪፖርት ጥሩ ፎቶ እንደሚወጣው እናውቃለን፤ የተጠረገ ቦይ ፎቶ ላይ አያምርም። ቢሆንም ያንኑ ገንዘብ ለሁለት ቱቦና ለቦዩ ግድግዳ ድንጋይ እንድታውሉት እንጠይቃችኋለን። ሠራተኛው ከእኛ ነው። ፎቶ ከፈለጋችሁ በነሐሴ፣ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ኑ፤ እንቁላል ይዛ ዳገቱን የምትወርደውን አባላችንን ታነሣላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ የኮሚቴው ሐሳብ እንዲህ ነው። ከማኅበራዊ ፈንዱ የሚወጣው ለቦዩ ሥራ ብቻ ይሁን፤ የልቅሶና የሕመም መጠባበቂያው ሳይነካ። ለማንም በእጅ አይሰጥ፤ ሠራተኛ የሚቀጠረውና ቱቦ የሚገዛው በሁለት ፈራሚ አባላት ሕጋዊ ደረሰኝ ተይዞ ይሁን። ሥራው ባለበት ቀን ሁሉ ከእኛ ሁለት ሰው በቦታው ይቁም። ከፈንዱ ምንም አይውጣ ብላችሁ ብትወስኑም እናከብራለን፤ ያን ጊዜ ደብዳቤውን ብቻ ይዘን እንሄዳለን።

ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ አለ። አራት ነገር ይጠይቃል፦ የባለፈውን ዓመት ውል፣ ለዘንድሮ ለዚህ መንገድ የተያዘ በጀት ካለ መጠኑን፣ የገልባጮቹን ሰዓትና ጭነት፣ በጥቅምት የሚሠራውን ጥገና ዕቅድ። ከድምፅ አሰጣጡ በኋላ በየቡድናችሁ እየመጣችሁ ፈርሙ፤ መጻፍ የማትችሉ እናቶች በጣት አሻራ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረዳው በር ላይ እንገናኛለን፤ የሚመቻችሁ ሁሉ ኑ፣ ልጅ ያዘላችሁም ኑ። መልስ ከሌለ በአሥራ አምስተኛው ቀን ቅጂውን ይዘን ወደ ክፍለ ከተማው እንሄዳለን። እስከዚያው ጉድጓድ ላይ የወደቀ ዕቃ፣ የተሰበረ እንቁላል፣ የተከፈለ ተጨማሪ የባጃጅ ዋጋ፣ የቀረ ሕክምና ካለ ቀኑንና ቦታውን ለሒሳብ ሹሟ አስመዝግቡ። ደብተሩ ሁልጊዜ በቁጠባ ቀን ይዛው ትመጣለች።